የቀብርሽ ሰሞን የሰፋሁት ጀለብያ

ዘሃራ፣

ልጆችሽ ቀብረውሽ ሲያበቁ በሕይወት አለች እያሉ አታለሉኝ። ይህን ከሰላምታው በፊት ያስቀደምኩት፣ ሰላምታ ካስቀደምኩ ቃሌን አለሳልሰዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። አንቺ መሬት ውስጥ ሆነሽ እኔ «ያ ረቢ አፊያዋን መልስላት» እያልኩ ዱዓ አደርግ ነበር፤ እነሱ ከስልኩ ወዲያ ማዶ ሆነው «አሚን» ይሉ ነበር። በደሉ ይህ ነው። አሳንሼም አሳምሬም አልጽፈውም።

አሁን ሰላም ልበልሽ። አሰላሙ አለይኪ፣ የቤቴ እመቤት። እዚህ አል ዓይን፣ ዛኸር ሰፈር፣ በራችን ላይ ቆመን ከተለያየን ዓመት ሞላን። እኔ የምቆጥረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሌሎቹ የሞትሽበትን ቀን ይቆጥራሉ፤ ለእኔ ግን ያ ቀን ከሌላው ቀን ሳይለይ አልፏል። ምሳዬን በልቼበታለሁ፣ ክር አስልኬበታለሁ፣ አስርን ሰግጄ ሻይ ጠጥቼበታለሁ። እንዲህ ያለ ቀን እንዴት ይቆጠራል?

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አሠሪያችን ካፊሌ ደህና ነው፤ መኪና መንዳት ካቆምኩ ወዲህም ክፍላችንን አልወሰደብኝም፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬንም አድሶልኛል። ማዳም ጉልበቷ ከድቷታል፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ክትባቱን ወስጃለሁ፤ ክንዴን ትንሽ አመመኝ እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም። ሰው ሁሉ አሁንም አፉን ሸፍኖ ነው የሚወጣው። አል ቃጣራ ሄጄ ነበር፣ የቴምር ዛፎቹ ሥር፣ ጫማሽን አውልቀሽ እግርሽን ከምትነክሪበት ቦይ ዳር። ውሃው አለ፣ ጥላው አለ፣ ሰው አልነበረም። ሳልቀመጥ ተመለስኩ።

የስፌት መኪናሽንም ከአልጋው ሥር አውጥቼ መስኮቱ አጠገብ አድርጌዋለሁ። አሁን የእኔ ነው። ከካልሲ በቀር በገላዬ ላይ የምታይው ሁሉ የእጄ ሥራ ነው፤ ሱሪው፣ ሸሚዙ፣ ለቤት የምለብሰው ሰፊ ጀለብያ። አንቺ በሕይወት ሳለሽ ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ግማሹን ታውቂያለሽ፤ ግማሹን አታውቂም። ሁሉንም በሥርዓቱ ልጻፈው።

አቡ ዳቢ ያለችው ልጃችን ሰሚራ መውለጃዋ ሲደርስ ባሏ አዲስ አበባ ሄዶ በኮሮናው በረራ ተዘጋበት። ልጄን ማን ያርሳታል ብለሽ ሻንጣሽን አዘጋጀሽ። ወንድሟ ጀማል ከአቡ ዳቢ መጥቶ ወሰደሽ። በሩ ላይ ቆመሽ «ሁሴን፣ ያቺን ሱሪ ጣላት። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ከአንተ ጋር የኖረችው» አልሽኝ። ግራጫዋን የሾፌርነት ሱሪዬን ማለትሽ ነበር። አልጣልኳትም። ነገር ግን ብዙም አልቆየችልኝም፤ የውሃ ጀሪካን ሳነሳ ከመቀመጫዋ እስከ ጉልበቷ ተቀደደች።

በዚያ ሰሞን የሕንዱ ልብስ ሰፊ ሱቁን ዘግቶ ነበር። ወደ ገበያው አዳራሽ ሄድኩ። የበሩ ጠባቂ መታወቂያዬን አይቶ በዕድሜህ ላይ ያሉ ሰዎች መግባት አይፈቀድላቸውም ብሎ መለሰኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የዚያን አዳራሽ በር ለማዳም ከፍቼ የዘጋሁ ሰው ነኝ። ጀማልን ሱሪ ግዛልኝ ልለው ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ልጄ ሱሪ እንዲያለብሰኝ አልፈለግኩም። መኪናሽ አልጋው ሥር ነበር።

መቼም ታውቂኛለሽ፤ ማንም ምንም አስተምሮኝ አያውቅም። ፊደል የለየሁት ሳሙና ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ዓረብኛን ከመኪና ሬዲዮ ለቃቀምኩት። ሞተርን ፈትቼ፣ መሬት ላይ ደርድሬ፣ መልሼ በመግጠም ነው ያወቅኩት። ጀማል የስፌት ቪዲዮ ላከልኝ፤ አንዲት ሴት እየሳቀች በፍጥነት ታወራለች፣ እጇ ከአፏ ይፈጥናል። ዘጋሁት። ሱሪዋን እንደ ሞተሩ አደረግኳት። ስፌቷን በምላጭ ተረተርኩና ቁርጥራጮቿን ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የለበስኩትን ነገር ያን ጊዜ ገና አየሁት። የፊቱ ቁራጭ ከኋላው ይጠባል፤ ሰው ሲቀመጥ የሚሰፋው በኋላው ነውና። ወገቡ ቀጥ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጎበጥ ያለ ነው። ኪስ ደግሞ ከውስጥ የተንጠለጠለ ከረጢት ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

ቁርጥራጮቹን ጋዜጣ ላይ አድርጌ ዙሪያቸውን በእርሳስ አሰመርኩ። ጋዜጣውን ቆረጥኩ። ከዚያ ማዳም ሰጥታሽ ከመጋረጃ የተረፈውን ቡናማ ጨርቅ አወጣሁ፤ በሳሙና ስባሪ ምልክት አድርጌ በመቀስሽ ገባሁበት።

ያኔ አንቺ ደህና ነበርሽ። ሰሚራ በሰላም ተገላግላለች፤ ሕፃኗን አቅፈሽ ነበር የምትደውይልኝ። ስለ ስፌቱ ስነግርሽ «አንተ? ሁሴን? ክሩን በየትኛው ዓይንህ ልታሾልከው?» ብለሽ ሰሚራን ጠርተሽ አሳቅሽብኝ። ቀጥለሽ በቁም ነገር መከርሽኝ፤ ስፌት ስትጀምር ትንሽ ሂድና ወደኋላ ተመለስ፣ እንደገና ወደፊት ሂድ፣ አለዚያ ከታጠበ ይፈታል አልሽኝ። ከአፍሽ የሰማሁት የስፌት ትምህርት ይኸው ብቻ ነው። አሁንም እንዳልሽው አደርጋለሁ።

ረመዳን ሲጋመስ ትኩሳት ያዘሽ። ቀላል ነው አልሽኝ። ሆስፒታል ገባሽ። በስልክ ስናወራ ትንፋሽሽ ከቃልሽ ይቀድም ጀመር። በመጨረሻ ድምፅሽን የሰማሁ ቀን የጠየቅሽኝ ሱሪው አልቆ እንደሆነ ነው። አላለቀም አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ መናገር ይደክማታል ተባልኩ፤ የኦክስጅን ጭምብል አድርጋለች፣ ትሰማለች ግን አትመልስም ተባልኩ። ሰሚራም ብትሆን ገብታ አታይሽም ነበር፤ ነርሷ ስልኩን ፊትሽ ላይ ትይዝልሻለች፣ ሰሚራ ታይሻለች፣ ያየችውን ለእኔ ታወራልኛለች። ወሬሽ ሁሉ በእሷ አፍ ሆነ።

ዒድ ባለፈ ሰሞን ሱሪው አለቀ። ልለብሰው ብል እምቢ አለኝ። አንዱ እግሬ ደህና ገባ፣ ሌላው እየተጠመዘዘ ጉልበቴ ላይ ቀረ። የመጋረጃው ጨርቅ አንድ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ፈዛዛ ነው፤ የሚያብረቀርቀው በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ እንዲሆን ብዬ ጋዜጣውን ሳልገለብጥ ደጋግሜ ቆርጬ ኖሯል። የሰፋሁት ሁለት ግራ እግር ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ፤ እኔ ብቻዬን የምስቅ ሰው አልነበርኩም። ለሰሚራ ደውዬ ነገርኳት፤ ለእናትሽ ንገሪያት አልኳት። በማግስቱ «ነገርኳት አባ፤ ሳቀች። ድምፅ የላትም ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ» አለችኝ።

አንቺ ስትስቂ ትከሻሽ እንደሚንቀጠቀጥ እኔ አውቃለሁ። ልጅሽም ታውቃለች።

ዒድን ብቻዬን ሰግጄ ነበር፣ ክፍላችን ውስጥ፣ ፊቴን ወደ ፍሪጁ አዙሬ፤ ቂብላው በዚያ በኩል ነውና። ጥቂት ቆይቶ ከአል ዓይን ወደ አቡ ዳቢ ያለ ፈቃድ አይኬድም ተባለ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የወሰንኩት፤ መንገዱ ሲከፈት ሄጄ ከሆስፒታል አወጣሻለሁ፤ ስትወጪ የምታይው ግን ያንን የሾፌር ሁሴን አይሆንም። ራሴ የሰፋሁትን አዲስ ጀለብያ ለብሼ በሩ ላይ እቆማለሁ። ነጭ ላደርገው ነበር። ሰሚራ በማግስቱ ደውላ «እማ ውሃ ሰማያዊ ይሁን ብላለች» አለችኝ። አትናገርም አላላችሁም ወይ አልኳት። «ቀለሞቹን በስልክ አሳየኋት፤ ውሃ ሰማያዊው ላይ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች» አለች። አመንኳት። ጀማል ጨርቁን ገዝቶ በሞተረኛ ላከልኝ። «ስፋ አባ፣ ስፋ። እሷም ደስ ይላታል» አለኝ።

ያ ሰማያዊ በተመረጠበት ቀን አንቺ ከተቀበርሽ ቆይተሻል።

እኔ ግን ሰፋሁ። ጀለብያ ከሱሪ ይቀላል፤ ኮሌታው ግን አስለቀሰኝ። የኮሌታው ዙሪያ ከአንገቱ ዙሪያ ጋር እኩል ካልሆነ ወይ ይሸበሸባል ወይ አንገት ያንቃል። ሰፍቼ ተረተርኩ፣ እንደገና ሰፍቼ ተረተርኩ፤ ጨርቁ በመርፌ ብዛት ሊቀደድ ደርሶ ነበር። በብብቱ በኩልም ጠቦኝ አራት ማዕዘን ቁራጭ አስገባሁለት፤ ክንዴን ወደ ላይ ሳነሳ አብሮኝ እንዲነሳ። ሻንጣሽን ከላይ ከመደርደሪያ ማውረድ ይኖርብኛል ብዬ አስቤ ነበር። ለቁልፎቹ ቀዳዳ በእጄ ጠለፍኩ።

ይህን ሁሉ ስሠራ በዙሪያዬ ያለው ሰው ምን ይመስል እንደነበር ልንገርሽ። ማዳም ረመዳን ካለቀ በኋላ ምሳ በትሪ ትልክልኝ ጀመር፤ ሩዝና ሥጋ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ። ይህች ሴት እርጅና ለጋስ አደረጋት ብዬ አሰብኩ። ሐዘንተኛ ቤት ምግብ እንደሚላክ የማላውቅ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ሐዘንተኛው እኔ መሆኔን ነው ያላወቅኩት። ሰይድ፣ ባለሱቁ ያገሬ ሰው፣ ሁልጊዜ ዕቃ ሲያመጣልኝ በሩ ላይ ቆሞ ፖለቲካ ካላወራ የማይሄደው ሰይድ፣ ከረጢቱን አስቀምጦ «ቸኩያለሁ» እያለ ይሸሽ ጀመር። ባቲ ያሉት እህቶችሽ ደወሉልኝ፤ ስለ ዝናብ አወሩኝ። ዝናቡ ጥሩ ነው አሉኝ። አንዷ መካከል ላይ ስልኩን ለሌላዋ ሰጠች፤ መስመሩ ተበላሸ ብዬ አሰብኩ። ከባቲ እስከ ዛኸር ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔና ሕፃኗ ነበርን።

መንገዱ ተከፈተ። ጀማል ደውሎ ነገ ከፈጅር በኋላ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ተዘጋጅ አለኝ። ሊያስወጧት ነው ወይ አልኩት። «ትሄዳለህ አባ» አለኝ። ውሸት እንኳ አላለም፤ ለጥያቄዬ የመለሰ መስሎኝ ሳይመልስልኝ ዘጋው። ገላዬን ታጠብኩ። ጀለብያውን በካውያ ተኮስኩ። ካፊሌ ሐጅ ሄዶ ያመጣልኝን የዑድ ሽቶ ተቀባሁ፤ ጢሜን ተስተካከልኩ። ጀማል መጥቶ በሩ ላይ ሲያየኝ ዞሮ ወደ መኪናው ተመለሰ። ጎማውን ላየው ነው አለኝ።

መንገዱን ሁሉ ስለ ኮሌታው አወራሁት። ያ አሸዋ፣ ያ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ያ በመካከሉ የተተከለ ዛፍ፤ ስንት ጊዜ አንቺን ከኋላ አስቀምጬ ነድቼበታለሁ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ እጅጌዬን ገልብጬ ስፌቱን አሳየሁት፤ «እይ፣ ክሩ የት እንደተጀመረ አይታይም፤ እናትህ ናት ያሳየችኝ» አልኩት። ልጅሽ መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን ጭምብሉን አላወለቀም። ጠንቃቃ ሆኗል ብዬ ደስ አለኝ። ጭምብሉ ረጥቦ ነበር። ልጄ፣ ኤሲው አይሠራም እንዴ አልኩት።

ወደ ሆስፒታል አልሄድንም። ሰሚራ ቤት ነው ያቆመው። ከሕንፃው ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ጥላ ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበሮች ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ያገራችን ሰዎች፣ ሽማግሌዎች፣ ጥቂት ሴቶች። እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ፤ ቀድመው አስወጥተዋት፣ ሰው እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ሊላት መጥቷል ብዬ አሰብኩ። ፈገግ አልኩ፣ ዘሃራ። ሰላምታ እየሰጠሁ ገባሁ። ዑዱ ከእኔ ቀድሞ ደርሷቸዋል። ከሴቶቹ አንዷ ከላይ እስከ ታች ልብሴን አየችና ፊቷን በሻርፕዋ ሸፈነች።

የደሴው ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሡ። «ሁሴን ወንድሜ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ዘሃራስ፣ ላይ ናት ወይ አልኳቸው። «ዘሃራ ወደ አኺራ ከሄደች ሰነበተች» አሉኝ።

መሄድሽን በዚያች ቅጽበት እችለው ነበር። ሰው ይሄዳል። መሰንበትሽን ግን አልቻልኩትም።

ልጆችሽ ለምን እንዳደረጉት ነገሩኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ። ብቻህን ክፍል ውስጥ ነህ፣ ማን ይዞህ ያለቅሳል አሉ። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በወጉ ይነገረው ብለን መንገዱ እስኪከፈት ጠበቅን አሉ። ወጉን አውቀዋለሁ፤ ባገራችን ስንቱን ሰው በማለዳ ሄጄ ያረዳሁ ነኝ። ነገር ግን መርዶ አንድ ሌሊት ይቆያል፣ ሰው እስኪሰበሰብ ይቆያል፤ ሰውየው ልብስ ሰፍቶ እስኪጨርስ አይቆይም። ደግሞ ማን ያዘኝ? ማንም አልያዘኝም። መቀራረብ ክልክል ነበርና እያንዳንዱ በየወንበሩ አለቀሰ፤ እኔ በመካከላቸው በሰማያዊ ጀለብያዬ ቆምኩ። እንዲይዘኝ ብለው የጠበቁት ሰው ከእኔ አምስት ክንድ ርቆ ነው የተቀመጠው። ወጉን ጠበቅን አሉ፤ የቀረላቸው ወንበሩ ብቻ ነበር።

ጀማል ሌላም ምክንያት ነገረኝ፤ ይኼኛው እውነት ነው። «ብንነግርህ ትነዳ ነበር አባ። ፈቃድ የለህም፣ ታመሃል ብለው ይይዙህ ነበር፣ ፖሊስ ያስቆምህ ነበር» አለኝ። አዎ፣ እነዳ ነበር። ቢያስቆሙኝ በኬላው ላይ ወርጄ ፊቴን ወደ አቡ ዳቢ አዙሬ ለሩቅ ሙት የሚሰገደውን ጀናዛ እሰግድልሽ ነበር። ይህ መብቴ ነበር። የሚያስፈራው እስር እንኳ ቢሆን የእኔ እስር ነበር።

መቃብርሽ ወሰዱኝ። አሸዋ ነው፣ ረድፍ ነው፣ ከሌላው የሚለይሽ ትንሽ ምልክት ናት። በዚያው ልብስ ቆሜ ሰገድኩልሽ። አንቺን የሸኘሽ ጨርቅ አንድም ስፌት የለበትም፤ እኔ ግን እፊትሽ የቆምኩት ስፌት ሆኜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱዓዬን ቀይሬዋለሁ።

የዚያኑ ቀን ጀማልን ወደ ዛኸር መልሰኝ አልኩት። ሰሚራ ሕፃኗን እጄ ላይ ልታስቀምጥ መጣች፤ አቀፍኳት፣ መለስኳትና መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉ አነሳለሁ። ደህና ነኝ እላለሁ፣ እዘጋለሁ። ዓርብ ዓርብ በምስል ሲደውሉ ያንን ሰማያዊ ጀለብያ ለብሼ ነበር የምቀርባቸው። ስለ ልብሱ አንድም ቃል ሳልናገር ለብሼው እቀመጥ ነበር። ሰሚራ ዓይኗን ወደ ታች አድርጋ ነበር የምታወራኝ። እንድታየው ነበር የምፈልገው።

መስፋቱንስ ለምን አልተውክም ትይኝ ይሆናል። ሰዎች ሐዘኑን እየረሳበት ነው ይላሉ። እኔ ምንም አልረሳበትም። የጀመርኩትን ነገር ልጆች ስላታለሉኝ አልተውም፤ ይኸው ነው። ሱሪ ከቀኝና ከግራ እግር ጋር መሥራት ችያለሁ። ሸሚዝ ላይ ትከሻው እንዳይጎተት እጅጌውን ከክንድ ማስገቢያው ትንሽ ማስፋት እንደሚያስፈልግ ደርሼበታለሁ፤ ማንም አልነገረኝም። ማዳም በምርኩዟ መጥታ በሩ ላይ ቆማ «ያ ሁሴን፣ ኸያጥ ሆንክ እኮ!» አለችኝ፤ ልብስ ሰፊ ሆንክ ማለቷ ነው። ለሰው አልሰፋም፣ ለራሴ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፤ ሰይድ አንድ ሱሪ ስፋልኝ ብሎኝ እምቢ ብዬዋለሁ። ኸላስ፣ ሸሚዙ ቢጣመም እንኳ የጠመመው በእኔ እጅ ነው፤ የተጣመመበትንም ቦታ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው የሚነግረኝን ነገር ሁሉ ግን ገልብጬ ካላየሁት አላምንም። ይህንን ጠባይ ልጆችሽ ናቸው የጨመሩልኝ።

አሁን ረመዳን ሊገባ ነው። ሰይድ ትናንት መጣ፤ በዚህ ጊዜ አልቸኮለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ሁሴን፣ አፉ በላቸው። ልጆች ናቸው፣ ፈርተው ነው። እኔም ፈርቼ ነው» አለኝ። አንተንም አፉ አላልኩም አልኩት። «አላልክም፤ ግን ሩዜን ትበላለህ» አለኝ። ሳልወድ ልስቅ ነበር። ከዚያ ሰሚራ የላከችውን ነገረኝ። ያንን ልብስ እንዳልለብስባት ለምናለች። ደግሞም ሕፃኗን ይዛ መጥታ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀን በቀን፣ ልትነግረኝ ትፈልጋለች፤ የትኛው መልእክት የእናቷ እንደነበር፣ የትኛውን ራሷ እንደፈጠረችው፣ ሁሉንም። ካልነገርኩት አልተኛም ብላለች አለኝ። ሰይድን ስለ ልብሱ ተቆጣሁት፤ ማን ምን እንደሚለብስ አንተ አትነግረኝም ብዬ አስወጣሁት።

እሱ ከሄደ በኋላ ጀለብያውን ከመስቀያው አወረድኩና ምንጣፉ ላይ ዘርግቼ በምላጭ ተረተርኩት። ሰይድ ስለለመነኝ አይደለም። እኔ ዝም ስል ልብሱ ይናገር ነበር፤ ያች ሕፃን አድጋ አባባ ይህ ልብስ ምንድነው ብትል እናቷ ፊት መልስ ልሰጣት አልፈልግም። ኮሌታው በመጨረሻ ነው የወጣው። ቁርጥራጮቹን ለማዳም ሠራተኛ ሰጠኋት፤ መስታወት ትወለውልባቸዋለች።

ዓርብ ይምጡ ብዬአለሁ። በሩን እከፍትላቸዋለሁ፣ ሕፃኗን አቅፋታለሁ፣ አብረን እናፈጥራለን። አፉ ብያችኋለሁ አልልም፤ ልቤ ያላለውን አፌ አይልም። ወቀሳም ከእኔ አይሰሙም። ሰሚራ ግን ልንገርህ ብላ አፏን ከከፈተች አስቆማታለሁ።

ለምን እንደሆነ ለአንቺ ብቻ እጽፈዋለሁ። ሰማያዊውን የእነሱ ነው ብዬ ትቼዋለሁ፤ ቀኑ ራሱ ይመሰክራል። ያ ሁለት ግራ እግር የሰፋሁበትን ቀን ግን አልያዝኩትም፤ ከሞትሽ በየትኛው በኩል እንደወደቀ አላውቅም። ያን ቀን ነበርሽ ወይስ አልነበርሽም? ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ ያለችው አይታ ነው ወይስ ልታጽናናኝ? እሷ ታውቃለች። ቀኑን ብጠይቃት በአንድ ቃል ትነግረኛለች። ሳቀች ብትለኝ፣ አንዴ የዋሸችኝን ልጅ እንዴት ላምናት? አልሳቀችም ብትለኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ የለም። ሥራዬን ሰምተሽ የሳቅሽልኝ በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ያቺ አንዲት ጊዜ ናት። ልጅሽ እውነቱን ተናግራ ሸክሟ እንዲቀልላት ብዬ ያቺን አልሰጣትም። ሳቀች ብዬ ይዤዋለሁ፤ ሳቀች እንዳልኩ እሞታለሁ።

አንቺን አልረሳም፣ ዘሃራ። ስምሽ ከአፌ አይለይም፤ ስለ ልጅነትሽ፣ ስለ ወጥሽ፣ በዓረብኛ ስትሳደቢ ስለሚበላሸው ቃልሽ ለሕፃኗ እነግራታለሁ። ስላደረጉብኝ ነገር ግን የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው። ለእነሱ አላነሳውም፣ ለሰይድ አላነሳውም፣ መቃብርሽ ላይ ስመጣም ለአንቺ አላነሳውም። አትጠይቂኝ።

ሁሴን